በሞልዳቪያ የወይን ዋሻ ውስጥ

ባለፈው ጥር ጌታቸው እዚህ ከሚሴ ልጁን ሲድር፣ ሻምፓኝ ተከፍቶ ቡሹ ጧ ሲል ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። የሰፈሩ ልጆች ሳቁብኝ። እኔና ሌሎቹ ሙስሊም እንግዶች፣ በአገራችን ደንብ ለብቻ በታረደልን በኩል ተቀምጠን ብርዛችንን እንጠጣ ነበር። ብርዙ ማር ማር ይላል። የሙሽሮቹን ብርጭቆ ሳይ ግን ሐሳቤ ሰርጉን ጥሎ ሄደ።

ጌታቸውና እኔ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቭየቷ ሞልዳቪያ የተላክን የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። አባቱ ልብስ ሰፊ፣ አባቴ እህል ነጋዴ፤ አጥራችን አንድ ነበር። በደረስን ዓመት፣ ወይን በሚለቀምበት ወቅት፣ አንድ የቆየ የሻምፓኝ ጓዳ ሊያስጎበኙን ወሰዱን። መንገዱ ግራና ቀኙ ወይን ብቻ ነው። የአገራችንን የጨፋ ሜዳ ማሽላ ለለመደ ዓይን፣ ያን ያህል ማሳ ያለ አንድ አገዳ ማየት ይገርማል።

ጓዳው ከኖራ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ መኪና የሚያስገባ ዋሻ ነው። ውጭ ፀሐይ፣ ውስጥ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ። ሊጥ የተቦካበት ቤት ይሸታል። ጠርሙሶቹ በተበሳ ሳንቃ ላይ አንገታቸውን ቁልቁል ደፍተው ተደርድረዋል፤ አንዲት ሠራተኛ እየዞረች እያንዳንዱን በእጇ ጥቂት ታሽከረክረዋለች። አተላው ወደ ቡሹ እንዲወርድ ነው አሉን። ትዕግሥቷን አደነቅሁ፤ የማይጠጡትን ነገር ማድነቅ ሐራም አይመስለኝም።

ጭንቁ የመጣው ለቅምሻ የተዘጋጀው ረጅም ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ ነው። አስጎብኚያችን፣ እናቴን የምታክል ደግ ሴት፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ክብር ብላ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጠርሙስ ከፈተች። ብርጭቆዬ ተሞላ። ሁሉም ብድግ ብሎ እኔን ይጠብቅ ጀመር። ከአገሬ ልጆች አንዱ፣ «ቅመሳትና ገላግለን፤ እዚህ ማን ያይሃል?» አለኝ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እንደ ሰው መሆን አማረኝ። ብርጭቆውን አነሳሁት።

ጌታቸው መዳፉን በብርጭቆዬ አፍ ላይ ከደነበት። «ሂንሶዳቲን» አለኝ በኦሮምኛ፤ አትፍራ ማለቱ ነው። ከዚያ በተሰባበረ ሩሲያኛው ለሴትዮዋ፣ «እኛ አገር ድግስ ሲኖር ለእስላሙ የራሱ ይዘጋጅለታል። እዚህም ይዘጋጅለት» አላት።

ሴትዮዋ ጠርሙሱን አስቀምጣ ወጣች። አስቀየምናት ብዬ በዚያ ብርድ አላበኝ። ስትመለስ የዚያኑ ቀን የተጨመቀ የወይን ጭማቂ በጆግ ይዛለች። እንደ ሌሎቹ በረጅሙ ብርጭቆ ቀዳችልኝ። ለራሷም ከዚያው ቀዳችና፣ «ብቻህን አትጠጣም» አለችኝ። ደፍረስ ያለ፣ ምላስ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ነበር። ጌታቸው በበኩሉ የእኔንም ድርሻ ሳያባክን ጠጣውና፣ ስንወጣ ትከሻዬን ተደግፎ ነበር።

ሰው ሃይማኖቱን በራሱ ብርታት የጠበቀ ይመስለዋል። እኔ ያን ቀን ብርታት አልነበረኝም፤ የጠበቀልኝ መጠጥ የሚወድ ክርስቲያን ጎረቤቴ ነው። አመሰግናለሁ ብለው ይስቅብኛል፤ በእኛ መካከል እንዲህ ያለ ነገር አይባልም። ስለዚህ የምነግረው ለአላህ ነው። ከሱብሒ በኋላ ለወንድሞቼ ዱዓ ሳደርግ፣ የጌታቸውን ስም ከእናቴ ልጆች መሐል እጠራዋለሁ።