የመጨረሻው ሰው ጋሻ

ይህ የሆነው ያለፈው ዊንተር ሊወጣ ሲል ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳው ላይ ያኖረውን ጋሻ በመዶሻ ሰብሬ አላውቅም ነበርና እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም።

ካናዳ፣ ካልጋሪ ሆም ኬር ነው የምሠራው፤ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። ቤቴ ፓይንሪጅ ሰፈር ነው። ኤሪን ውድስ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ዳውዌ የሚባሉ ሽማግሌ ክላየንት ነበሩኝ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። የተወለዱት በሆላንድ ሰሜን፣ ፍሪዝላንድ በሚባል አገር ነው። በእንግሊዝኛ ብናወራም «ጋሼ» ነበር የምላቸው፤ ሽማግሌን በስሙ መጥራት አፌ እምቢ አለኝ። እሳቸውም ለምደውት ስልክ ሲያነሱ «ጋሼ ስፒኪንግ» ይሉኝ ነበር።

ሳሎናቸው ውስጥ ቀለም የተቀባ የእንጨት ጋሻ ተሰቅሏል። በግማሹ ወርቃማ መደብ ላይ ጥቁር ንስር፣ በሌላው ግማሽ አረንጓዴ ባለ ሦስት ቅጠል ማገጥ። ንስሩ ግን አንድ ክንፍና አንድ እግር ብቻ ነው ያለው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ግማሹን ማን በላው?» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። የአገራቸው መኳንንት ንስሩን በግማሹ ነው የሚያሥሉት። ድሮ ይገዛቸው የነበረው ንጉሠ ነገሥት «ከእኔ በቀር ጌታ አይኑርባችሁ» ብሎ ነፃ ሲያወጣቸው የሰጣቸው ምልክት ነው ይባላል።

ከዚያ በኋላ እግራቸውን በቅባት ሳሽላቸው የዘር ሐረጋቸውን ይቆጥሩልኝ ነበር። አያት ቅድመ አያቶቻቸው የድንጋይ ግንብ የነበራቸው፣ ከመሬታቸው ብዙውን ባሕር የበላባቸው ሰዎች ናቸው። የቀረውን ሸጠው ላም ሊያረቡ እዚህ አልበርታ የመጡት አባታቸው ናቸው። የጥንቶቹ አጠራር እንደ እኛው ነው፤ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት። ዳውዌ ሄሴል፣ ሄሴል ሲትሰ፣ ሲትሰ ዊብረን፣ ዊብረን ኬምፔ... እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት።

«ያንቺስ?» አሉኝ አንድ ቀን። የኔን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ጠራሁና ቆምኩ። አባቴ የሞተው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው፤ እናቴ ከዘመዶቹ አርቃ አሳደገችኝ። ሰባት ቤት የሚያስቆጥረኝ አልነበረም። ሰው ሲቆጥር በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ጋሼም ገባቸው መሰለኝ፣ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

ሕመሙ ሲጸናባቸው አንድ ነገር ለመኑኝ። በአገራቸው የቆየ ልማድ የአንድ ቤት የመጨረሻው ወንድ ሲሞት ጋሻው መቃብሩ ላይ ተሰብሮ አብሮት ይቀበራል።

«ከእኔ በኋላ ማንም የለም» አሉኝ። «ጋራጅ ሴል ላይ ከአሮጌ ዕቃ ጋር እንዲወድቅ አልፈልግም። አንቺ ስበሪልኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሟርት አይሁንብዎ! በእኛ አገር የሟች ጋሻ ለቅሶ ላይ ወጥቶ ይታያል እንጂ ይሰበራል እንዴ?»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አላስቻለኝም፣ እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ግን ሺፍት በገባሁ ቁጥር ጋሻውን ሳየው ፍርሃት ይይዘኝ ጀመር። ቃል ሰጥቼ ሳልችል ብቀርስ?

የቀብራቸው ቀን ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ቀልጧል። የነበርነው እኔ፣ ጎረቤታቸውና የቀብር ድርጅቱ ሰው ብቻ ነን። እንዲህ ያለ ቀብር አይግጠማችሁ! መዶሻውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዲሁ ዝም ብሎ መስበር ግፍ መሰለኝ። እኔም የአገሬ አስለቃሽ እንደምታደርገው ጋሻውን ከፍ አድርጌ ያዝኩና በአማርኛ መጣራት ጀመርኩ።

«የሄሴል ልጅ ዳውዌ! የሲትሰ ልጅ ሄሴል! የዊብረን ልጅ ሲትሰ!»

ጎረቤትየው ግራ እየገባውም ቢሆን ባርኔጣውን አወለቀ። ኬምፔ ላይ ስደርስ ሳላስበው «አባዬ!» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። አባቴ ሲቀበር ሕፃን ናት ብለው ጎረቤት ቤት ትተውኝ ነበር። ያኔ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት። ከዚያ ጋሻውን መሬት ላይ አስቀምጬ መታሁት። ሲሰነጠቅ ስብርባሪውን ለቅሜ ሳጥናቸው ላይ ጣልኩላቸው።

ቃሌን በመጠበቄ ደስ ይለኛል። የአባቴንም እርም ያወጣሁት በእሳቸው ቀብር ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። አሁን በአባቴ በኩል ዘመድ አለ በተባልኩበት ሁሉ እየደወልኩ ነው። እስካሁን ከአያቴ ያለፈ ስም የነገረኝ የለም። ያላዩት ሰው ይናፍቃል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይናፍቃል። ስሙን እንኳ ሳያውቁት ይናፍቃል።