የጉግስ ሜዳና የእናቴ ምንጭ

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከእናቴ ቤት በላይ፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ጉብታ አለ። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርስ ነበር። ከብት አይለቀቅበትም፤ አጭዶ መውሰድ ነው። ክረምት የዘነበው ሁሉ እዚያ ሣር ሥር ይሰርግና በበጋ ከግርጌው በምንጭ ይወጣል። እናቴ ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ በእግሯ የምትደርስበት ውኃ እሱ ብቻ ነበር።

የኛ ሰው ደግሞ ፈረስ ካየ ልቡ ይጠፋል። ያንን ጉብታ የጉግስ ሜዳ እናድርገው ተባለ። ፊታውራሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የገዛ አጎቴ!

"ተው ወንድሜ፣ ምንጬ የሚጠጣው ከዚያ ሣር ሥር ነው" ብላ ለመነችው።

"እትዬ ደግሞ! ውኃ ከሰማይ እንጂ ከሣር ይመጣል እንዴ?" ብሎ ሳቀባት። ጓደኞቹም አብረው አሽካኩ።

ጋለቡበት። በዓል ሲሆን ለበዓል፣ በዓል ሳይሆን ለልምምድ። ሣሩ አለቀ፣ መሬቱ በኮቴ ተደልድሎ እንደ አውድማ ጠጠረ። ዝናብ ሲወርድ ወደ ውስጥ ጠብ የሚል የለም፤ ቀይ ጎርፍ ሆኖ የእናቴን ጎመን ጠራርጎ ቁልቁል ይነጉዳል። ዘንድሮ ጥር ሳያልቅ ምንጩ ደረቀ።

ታዲያ ጥፋቱ የሜዳው ነው ያለ አለ? ምን ሲደረግ! መጀመሪያ ባሕር ዛፍ መጠጠው አሉ። ቀጥለው ልብስ አጣቢ ሴቶች አስቀይመውት ነው አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። በመጨረሻ አካፋ ይዘው የምንጩን አፍ ሲቆፍሩ ዋሉ። የነጠፈች ላም ጡቷን ቢጎትቷት ምን ትሰጣለች? ሰው መናቅ ኃጢአት ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ እነዚህን ግን ከልቤ ናቅኋቸው።

እናቴ አልተሳደበችም። አጎቴን አስጠርታ፣ "ወንዙ ለኔ ሩቅ ነው፤ አንተ ትቀዳልኛለህ" አለችው። አህያ የለውም፤ ያለው ያ የሚኮራበት ፈረስ ነው። በኛ አገር ደግሞ በኮርቻ ፈረስ ዕቃ መጫን ውርደት ነው።

በማግስቱ መጣ። ጌጠኛው ኮርቻ ወርዶ፣ በግራና በቀኝ ቢጫ ጀሪካን ተንጠልጥሎ፣ በዚያው በጠጠረው ሜዳ ላይ ፈረሱን እየጎተተ። የባጃጅ ሾፌሮች እየሳቁ ጥሩምባ ነፉለት። እኔም ሳቅሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

እናቴ ጀሪካኑን ከፍታ መጀመሪያ ለፈረሱ በባልዲ ቀዳችለት። "ጠጣ፣ አንተ ምን አጠፋህ" አለችው።

አጎቴ ላቡን እየጠረገ፣ "እትዬ፣ ለኔም ትንሽ" አላት።

"አንተማ ከሰማይ እስኪመጣልህ ጠብቅ" አለችና ጀሪካኑን ከደነችው።