ያልታየው እግር

የምስራች የምትሠራበት ድንገተኛ ክፍል አሜሪካ፣ ከአትላንታ ዳር ካለችው ዲኬተር አጠገብ ነው። ሥራዋ ነርስ ፕራክቲሽነር ነው፤ ሐኪም አትባል እንጂ ሰው ትመረምራለች፣ መድኃኒት ታዛለች፣ የዳነውን ወደ ቤቱ ትሸኛለች። የታክሲ ነጂው የለገሰ ልጅ እዚህ መድረሷ እዚያው አካባቢ ሊቶኒያ ላሉት ያገር ሰዎች ሁሉ ኩራት ነበር። አንዱን ትንሽ ራሱን ካመመው "የለገሰ ልጅ ያለችበት ውሰዱኝ" ነው የሚለው።

በመሥሪያ ቤቷ ግን ስሟን ያስጠራው ሌላ ነገር ነበር። በሽተኛ ከታየ በኋላ የታየው ሁሉ ቻርቱ፣ የበሽተኛው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እሷም ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲሄድ ስትጽፍ ትቀር ነበር። ልጇ ሲና በር ላይ ጠብቃ "ማሚ፣ ዛሬም ቻርት ነው?" ትላታለች። ሲመራት ጊዜ አንድ ቅዳሜ ተቀምጣ ቴምፕሌት ሠራች። አንድ ቁልፍ ሲነካ የጤነኛን ሰው ምርመራ ከራስ እስከ እግር ዘርግፎ የሚጽፍ ነው፤ ለሠራተኛው የሚቀረው የታመመውን ቦታ ብቻ መለወጥ ነው። አለቃዋ አይቶ ወደደውና ለሁሉም አደለው። ከዚያ ወዲህ እሷም ሌሎቹም በሰዓታቸው ቤታቸው መግባት ጀመሩ።

ጉንፋን ከተማውን ያጥለቀለቀው በዚያ ጥር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ክፍሌ መጡ። ኤርፖርት አካባቢ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳሉ። ልጅ ሳለች አባቷ ቅዳሜና እሑድ ታክሲ ላይ ሲውል እሷን ከልጆቻቸው ጋር ጭነው የሚያመላልሷት እሳቸው ነበሩ።

"ጋሼ ክፍሌ! ምን ሆነው ነው?"

"ምንም አልሆንኩም። ብርድ ብርድ ይለኛል፣ በቃ። አሰፋሽ ናት ሂድ ሂድ ያለችኝ፤ ሴትዮዋን ታውቂያት የለ?"

"ትኩሳት አለዎት እኮ!"

"ቀኑን ሙሉ ከአትላንታ ትራፊክ ጋር የሚጣላ ሰው ምን ይቀዘቅዛል?"

ሳቀች። ሳንባቸውን አዳመጠች፣ ሆዳቸውን ነካካች። ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗል። የስኳር በሽተኛ እግሩ ሳይታይ እንደማይታለፍ የምስራች አሳምራ ታውቃለች። የጫማቸውን ክር ልትፈታ ጎንበስ ስትል ግን ሰውየው እግራቸውን ሰበሰቡ።

"ኧረ ተይ! ተይ ልጄ! አንቺ እግሬ ሥር? አዝዬ ከመኪና ያወረድኩሽ ልጅ ዛሬ የካልሲዬን ሽታ ልታሸቺ? ነውር ነው!"

"ሥራዬ እኮ ነው ጋሼ።"

"ከሌላው ጋር ሥራሽ ይሁን። እግሬ ደህና ነው።"

ሌላ በሽተኛ ቢሆን አትሰማውም ነበር። ይሉኝታ ያዛት። አባቷን ጫማ አውልቅ ብላ የምታዝ መሰላት። "እሺ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ" አለች። ነርሷ አያንቱ ወዲያው ወደ ሌላ ክፍል ጠራቻት፤ ስትመለስ ጎንበስ ማለቱን ረስታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ቁልፉን ነካች። ስኳራቸው ከፍ ብሏል፤ ትኩሳቱ ነው አለች። የሰሞኑ ጉንፋን ነው ብላ መሸኛቸውን አዘጋጀች።

ጋሼ ክፍሌ ኮታቸውን ሲለብሱ ስልካቸው ጮኸ። ድምፁን ከፍተው አልጋው ላይ አስቀመጡት።

"ምስራቼ! የኔ ዶክተር! እሱ የነገሩትን ግማሹን ውጦ ነው የሚመጣው። ያገኘሽበትን አንቺው አንብቢልኝ" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ።

የምስራች ከኮምፒውተሩ ላይ ወደ አማርኛ እየመለሰች ማንበብ ጀመረች። "ሳንባቸው ንጹሕ ነው። ልባቸው ደህና ነው። ሆዳቸውም ደህና። ሁለቱም እግሮች ታይተዋል፤ ቁስል የለም፣ ቆዳው…"

"እልልልል!" ስልኩ ሊፈነዳ ደረሰ። "እግሩን አየሽው? አሳየሽ? እኔ ሚስቱ ካየሁት ከገና በፊት ነው እኮ! ካልሲውን እንዳደረገ ነው የሚተኛው። የሆነ ነገር ደብቆኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ተባረኪ ልጄ! አሁን ዐረፍኩ።"

የምስራች ክው አለች። ዓረፍተ ነገሩ ቁልፉ እንደዘረገፈው እዚያው ስክሪኑ ላይ ነው፤ ከሥሩ ስሟ አለ። እጇ አልጻፈውም፤ ዓይኗ አላየውም። ቀና ብላ ጋሼ ክፍሌን አየቻቸው። እሳቸው ወደ ስልኩ እየጠቆሙ በሹክሹክታ "ተያት፣ ዐርፋለች እኮ" አሏት።

ይኼኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አስደነገጣት። የማታውቀውን ገመና አብራ እንድትሸፍን ነው የሚለምኗት።

"እትዬ፣ መልሰን እንደውላለን" ብላ ስልኩን ዘጋችና ከአልጋው ሥር ተንበረከከች። "ጋሼ፣ ጫማዎን።"

"አንቺ ልጅ…"

"ያላየሁትን አይቻለሁ ብያለሁ። ሳላይ አይሄዱም።"

ሰውየው በዚህ ጊዜ እግራቸውን አልሰበሰቡም። የቀኙን ጫማ ስትስብ ካልሲው አብሮ ተጣብቆ መጣ። ሽታው ቀደመ። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ ከሥሯ ያለው ሥጋ ተቦርቡሯል፤ ቅላቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ቅልጥማቸው ላይ ወጥቷል። ጫማውን ገልብጣ አየችው። ሶሉን በስቶ የገባ ሚስማር ጫፉን ወደ ውስጥ አሹሎ ተቀምጧል።

ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች የገባችው አያንቱ "ኦ ማይ ጋድ!" ብላ ቆመች።

"ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ጊዜ አልተሰማዎትም?"

"ምኑ?" አሉ። ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞታል። የሌላ ሰው እግር የሚያዩ ይመስል አፍጥጠው ቀሩ። "ውሃ የቋጠረች ትንሽ ነገር ነበረች። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ፈራሁ፣ ልጄ።"

አያንቱ እየሮጠች ሐኪም ጠራች። በደም ሥር መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ሳይመሽ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ። ጣቲቱ ተቆረጠች፤ እግሩ ተረፈ። ቤት ሄደው ቢተኙ ኖሮ እግሩ ቀርቶ ነፍሳቸውም ያሠጋ እንደነበር ሐኪሙ ነገራት።

የምስራች ቻርቱን አረመች። እግሩን መጀመሪያ እንዳላየች፣ በኋላ አይታ ምን እንዳገኘች ጻፈች። አለቃዋንም የእግሩን መስመር ከቴምፕሌቱ እንዲያወጣው ጠየቀችው፤ ያየ ሰው በጁ ይጻፈው። "ሰው ሁሉ ያማርርብሻል" አለቻት አያንቱ። ያማርር። እሷን ያንቀጠቀጣት ሌላ ነው፤ በዚያች ቁልፍ ስንት እግር አይታ ይሆን? ጫማውን አጥልቆ እንደመጣ የሄደው ስንቱ ነው? ማስታወስ አቃታት።

በማግስቱ ጋሼ ክፍሌ ወደተኙበት ክፍል ወጣች። ወይዘሮ አሰፋሽ ከባላቸው ራስጌ ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ትናንት በስልክ ያነበብኩልዎት… ያኔ እግራቸውን አላየሁም ነበር። ኮምፒውተሩ ነው የጻፈው። አይ፣ እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩዋት። "መርቄሽ ነበር እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ።"

"ኧረ እኔ ነኝ አታይ ያልኳት…" ጀመሩ ጋሼ ክፍሌ።

"አንተ ዝም በል! ካጠገብህ ተኝቼ ያሸሸህብኝ እግር ነው!"

ከዚያ ወይዘሮ አሰፋሽ ተነሥተው አንሶላውን ከግርጌ ገለጡት። ጋሼ ክፍሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እግራቸውን ግን አልሰበሰቡም።

"ነይ" አሏት ወይዘሮ አሰፋሽ። "አሁን እያየሽ ንገሪኝ።"

የምስራች ጎንበስ አለች።