በግራህ ሳብ ያሉኝ አያቴ

ለቅሶው ላይ ሁሉም ስለ አያቴ «ዝምተኛ ነበሩ» ሲል ደሜ ፈላ። የቱ ዝምተኛ? ልጅ ሆኜ ግራ እጄ ወደ ትሪው ጠጋ ካለች «በቀኝህ!» ብለው ቸብ ያደርጉኝ ነበር።

እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ቀስት መወርወር ስማር ፍላጻዬ ሁሌ ወደ ግራ ይሄድብኛል። ልጆቹ ይስቁብኛል። ኩዊት ላደርግ፣ ልተወው ስል አያቴ ልምምዱ ቦታ ድረስ አብረውኝ መጡ። ድሮ ወታደር ነበሩ። ፊት ለፊቴ ቆሙና «ሁለቱንም ዓይንህን ከፍተህ ጣትህን አፍንጫዬ ላይ ቀስር» አሉኝ።

«አባባ፣ ሽማግሌ ላይ? ነውር አይደል እንዴ?»

«ቀስር ስልህ!»

ቀሰርኩ።

«ይኸው፣ ጣትህ ግራ ዓይንህን ጋረደው። የሚያነጣጥርልህ እሱ ነው። ቀስቱን በቀኝህ ያዝ፣ ገመዱን በግራህ ሳብ!»

በግራ! ያውም እሳቸው! ወር ሙሉ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ሳብኩ፤ እሳቸውም ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ሳብ! ሳብ!» እያሉ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከለቅሶው በኋላ፣ ያለ እሳቸው ውድድር ገባሁ። ሦስቱም ፍላጻ ቢጫው መሀል ተሰካ! አንደኛ ወጣሁ! የሳቁብኝ ሁሉ አጨበጨቡ፣ ወደው ነው? ዞር ስል አባባ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ አንዱ ቦርሳውን ጥሏል።

«አንሳው» አልኩት፣ «ሰው አለበት።»