የቢ ሚዛ ግራ እጅ

ሳልሃ ደረጃውን እያለቀሰች ወረደች። ቢ ሚዛ የሙዚቃ አካዳሚው ግቢ ውስጥ፣ የድንጋይ አግዳሚው ላይ፣ ቃኑናቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ክር ይቃኙ ነበር። መሣሪያው ሰባ ስምንት ክር አለው። የባሕሩ እርጥበት በየጠዋቱ ያላላዋል፤ እሳቸው በየጠዋቱ ያጠብቁታል። ልጅቷን ሲያዩ መቃኛውን አስቀመጡ።

"ፈተናውን ወደቅኩ፣ ቢ።"

"ማን? አንቺ?"

ሳልሃ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

"መነጽሬ ቤት ነው። አንብቢልኝ።"

"'ዜማዋ ያማረ፣ ቅኝቷ የጠራ ነው። ሆኖም የግራ እጇ አያያዝ ከዛንዚባር አጨዋወት የወጣ ነው። ሃምሳ ሁለት።'"

"ከምን የወጣ?"

"ከዛንዚባር አጨዋወት።"

"አንቺ የት ነው የተወለድሽው?"

"እዚሁ ዛንዚባር፣ ምኩናዚኒ ነዋ።"

"እኔስ?"

"እርስዎም እዚሁ።"

"ታዲያ ማን ነው ከዛንዚባር የወጣው?" አሉና ተነሡ። ማለፊያው ቁጥር ስልሳ ነበር። በዚህ ዓመት የተማሪዎች ልውውጥ ወደ ኖርዌይ የሚሄደው የቃኑን ተማሪ አንድ ብቻ ነው፤ የተፈተነችውም ሳልሃ ብቻ ናት። ዝርዝሩ ዛሬ ቀትር ላይ ይላካል። ካለፈ አለፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጅቷ ተመራቂ ስለምትሆን ዕድሉ አይመለስም።

ቢ ሚዛ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ቃኑን የተማሩት የታራብ ዘፈን ክበብ ውስጥ ይጫወት ከነበረው አጎታቸው ነው፤ ተማሩ ከማለት ሰረቁት ማለት ይቀላል። አጎትየው ለሴት ልጅ አላስተምርም ብሎ ነበርና፣ የዝንጅብል ሻይ እያመላለሱ ጣቶቹን በዓይናቸው ሲለቅሙ ኖሩ። አንድ የሠርግ ቀን አጎትየው ወባ ጥሎት ሲቀር የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሚዛ ቦታው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ማንም ከዚያ ቦታ ተነሺ ያላት የለም።

አካዳሚው ከተከፈተ ጀምሮ ያስተምራሉ፤ ድፍን አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በመዝገብ ላይ ግን መምህር አይባሉም፤ "የአካባቢ ረዳት" ነው የሚላቸው። በየዓመቱ ከኖርዌይ የሚመጡት ተማሪዎች እሳቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፣ የእሳቸውን ሩዝ በኮኮናት ወጥ ይበላሉ፣ ከዚያ አገራቸው ገብተው ማዕረግ ይቀበላሉ። እሳቸው ደግሞ ለመምህራን ልውውጥ በጠየቁ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። መጀመሪያ ዲግሪ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ፣ በመጨረሻ ዕድሜ። ፈተና ክፍልም አይገቡም፤ ወረቀት ያለው ብቻ ነው የሚገባው። በተናደዱ ቁጥር ንዴታቸውን ያስቀምጡት ቢሆን ኖሮ የአካዳሚው መጋዘን አይበቃውም ነበር። በማግስቱ ግን ይመጣሉ፤ ተማሪ ይጠብቃቸዋላ።

ዛሬ ሳልሃን አስከትለው ደረጃውን ሲወጡ የጉልበታቸው ሕመም እንኳ ትዝ አላላቸውም። የፈተናው ክፍል በር ላይ ዳይሬክተሩ ማካሜ ቆሟል።

"ቢ ሚዛ፣ ስብሰባ ላይ እኮ ነን።"

"እኔም ለስብሰባው ነው የመጣሁት። ዞር በል።"

ውስጥ የተቀመጠው ፈታኝ ሃልቮር ነበር፤ በመምህራን ልውውጥ ለሁለት ሳምንት የመጣ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ተማሪያቸው ነበር። ሰባት ወር ሙሉ "እናቴ" እያለ ከእጃቸው በልቷል። ትናንትና ሲመጣ ደስ ብሏቸው የኮኮናት ዳቦ ጋግረው ሰጥተውታል። አሁን ያ ዳቦ ቆጫቸው።

ሃልቮር ብድግ ብሎ፣ "ሺካሞ፣ ቢ" አለ ራሱን ዝቅ አድርጎ።

"ሰላምታህን ያዘው። ይህችን ልጅ የጣላት ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። ግሩም ነው የምትጫወተው፣ እውነቴን ነው። ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁለቱም አካዳሚዎች፣ የእናንተም የእኛም፣ የሚፈትኑት በአንድ መመዘኛ ነው። መመዘኛው ደግሞ መጽሐፉ ነው።"

"የቱ መጽሐፍ?"

ማካሜ የመስታወት ቁምሳጥኑን በቁልፍ ከፍቶ አወጣው። ሃልቮር ስለ ዛንዚባር ቃኑን የጻፈው መጽሐፍ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሽፋኑ ይታያል፣ ተመልሶ ይቆለፋል። ሃልቮር ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ ገልጦ አቀረበላቸው። አንድ ግራ እጅ ክሩ ላይ አርፏል። መምቻውን የሚይዘው ቀለበት መሃል ጣት ላይ ነው፤ አመልካች ጣት ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ይኼ የቆመው ጣት የዛንዚባር አጨዋወት ዋና ምልክት ነው" አለ ሃልቮር። "ሌላው ዓለም ቀለበቱን አመልካች ጣት ላይ ያደርጋል። እዚህ ብቻ ነው መሃል ጣት ላይ የሚደረገው። ሳልሃ ግን እንደ ሌላው ዓለም…"

ቢ ሚዛ አልሰሙትም። ፎቶው ላይ ያለውን የብር አምባር እያዩ ነበር። የእናታቸው አምባር ነው። አሁንም እጃቸው ላይ አለ።

"ይኼ የማን እጅ ነው?"

"የእርስዎ ነዋ።"

"ይኼ ጣት ለምን ቆመ?"

"አጨዋወቱ…"

"ምን አጨዋወት ነው! ቆርጬው ነው!" ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። "አንተ ልትመጣ ሳምንት ሲቀርህ ለእህቴ ልጅ ለጋ ኮኮናት ስከፍት ገጀራው ሸርተት ብሎ ጅማቴን አገኘው! ስምንት ወር አልታጠፈም። አንተ የቆየኸው ሰባት ወር ነው። ና! ና እየው!"

ጣታቸውን አፍንጫው ሥር ቀሰሩት። ጠባሳው ከአንጓው እስከ ጥፍሩ ሥር ይወርዳል። ጣቱ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ እንደገና ታጠፈ።

ሃልቮር መጽሐፉን አየ፣ ጣቱን አየ። ፊቱ ነጭ ወረቀት መሰለ።

"አልነገሩኝም እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

"አንድ ጣቱ የታመመ ሰው በሌላው ይሠራል። ይኼ ይነገራል? ያኔ ደብተርህ ላይ ስንት ክር እንደምነካ ጽፈሃል፣ ስንት ጊዜ እንደማስል ሳይቀር ጽፈሃል። አንድ ቀን 'ለምን?' ብለህ ግን አልጠየቅክም። ዛሬስ? ልጅቷን ከመጣልህ በፊት ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እዚሁ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው!"

ማካሜ መሃል ገባ። "ቢ ሚዛ፣ ይረጋጉ እንጂ። የትብብር ውሉ ከሰዓት በኋላ ይታደሳል። እነሱም አገር በዚሁ መጽሐፍ ነው የሚያስተምሩት። ቀስ ብለን በጸባይ እንነጋገር። ምናልባት ሁለት ዓይነት አጨዋወት አለ ብንል…"

"ሁለተኛው የምን ነው? የሽባ? አንተስ፣ ማካሜ፣ በየቀኑ ይኼን እጅ ትጨብጣለህ። ይኼን መጽሐፍ አንድ ቀን ከፍተኸው ታውቃለህ?"

ማካሜ ቁልፉን ማገላበጥ ያዘ። መጽሐፉን ከፍቶት አያውቅም፤ ሽፋኑ ይበቃው ነበር።

"ለራሴ የምለምነው የለም" አሉ ቢ ሚዛ ወደ ሃልቮር ዞረው። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለምኜ ጠግቤአለሁ። የዚህችን ልጅ ቁጥር አስተካክል። አሁን። ፊቴ።"

"ደንቡ እኮ…" ብሎ ጀመረ ማካሜ።

ሃልቮር ብዕር አነሣ። ሃምሳ ሁለቱን ሰርዞ ሰማንያ ስድስት ጻፈ፣ ከሥሩም ፈረመ። ሳልሃ በሩ ሥር ቆማ ዕንባዋን በሻርፗ ጠረገች፤ ደስ ይበላት ትፈር ግራ ገብቷታል። ቢ ሚዛ አሁን ይቀልለኛል ብለው ነበር። አልቀለላቸውም። ንዴቱ ጭራሽ ባሰባቸው።

"ተቀመጥ" አሉት። "እስኪ አንተ ተጫወት። አሥራ ሁለት ዓመት በእኔ ስም የምታስተምረውን ልስማው።"

ሃልቮር ለፈተናው ከተቀመጠው ቃኑን ፊት ተቀመጠ። ቀለበቱን እንደ ልማዱ ግራ መሃል ጣቱ ላይ ሊያደርግ ሲል አንጓው ላይ አልገባ አለው። ጣቱ አብጧል። ሥሩ በቆዳ ቀለም ፕላስተር ተጠቅልሏል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ያመኛል። ከጀመርኩ ጊዜ ጀምሮ። ሐኪምም አይቶልኛል።"

"እያመመህ ለምን አልተውከውም?"

ሃልቮር አንገቱን ደፋ። "እዚህ ስላልተወለድኩ ነው የሚያመኝ ብዬ ነበር።"

ቢ ሚዛ ጎንበስ ብለው ያበጠውን ጣት አዩት።

"ተማሪዎችህስ?"

ሃልቮር ቀለበቱን ቃኑኑ ላይ አኖረው።

"እነሱንም ያማቸዋል።"

ቢ ሚዛ አፋቸው ላይ የመጣ ስድብ ነበር፤ እድሜ ልኩን የማይረሳው ዓይነት። ስድቡን ዋጡት። አጠገቡ ቁጭ አሉና እጁን ያዙ። ፕላስተሩን ነቀሉት፣ ሳይራሩ፤ ሃልቮር ጥርሱን ነከሰ። ቀለበቱን አመልካች ጣቱ ላይ አጠለቁለትና ክሩ ላይ አስቀመጡት።

"ከመጀመሪያው" አሉ፣ እንደተቆጡ። "ቀስ ብለህ።"