በገዛ ጣቴ የዘጋሁት ስልክ

ባለፈው አርብ ጠዋት ልጄ ብሌን ስልኳን እንደያዘች ከጓዳ ወጣችና «ሰናይት፣ የዋይፋዩን የአድሚን ፓስወርድ ስጪኝ» አለችኝ። ልጄ በስሜ ነው የምትጠራኝ። ደንበኞቼ ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ፤ አንዳንዷም ልትቆጣት ይቃጣታል። ተዉአት እላለሁ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

«ምን ሊያደርግልሽ?» አልኳት።

«ለምለም ላይ ልዘጋባት ነው። ስፌቱን ትታ ስልኳ ላይ ተጥዳ ነው የምትውለው። አድራሻውን ጽፌ ገጹን ከፍቻለሁ፤ ፓስወርዱ ግን አልሆን አለኝ።»

ለምለም ከኮምቦልቻ መጥታ ከእኛ ጋር መሥራት ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። በዚህ በወደቡ ከተማ፣ ካርቲየ ሁለት በሚባል ሰፈር ባለችኝ ጠባብ ሱቅ፣ እሷ ጓዳ ባለው መኪና እኔ ከፊት ባለው፣ የሴት ድሪያ እንሰፋለን። «ልዘጋባት» የሚለውን ስሰማ የስፌት መኪናውን የሚረግጠው እግሬ ቆመ። «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» አልኳት። የምጨርሰው ነገር እንኳ አልነበረም። ልቤ ሄሮን ሄዶ ነበር።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ሄሮን በሚባለው የዚሁ ከተማ የሀብታም ሰፈር ውስጥ፣ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በፈረንሳዮች ዘመን የተሠራ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እመቤቲቱን «ማዳም» ነው የምላት፤ ባሏ ለሥራ ዱባይ ይመላለሳል፣ አንድ ልጇ ኢልያስ ፈረንሳይ አገር ይማራል። ቤቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ክፉ ሴት ናት ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልመታችኝም፣ አላስራበችኝም። ዓሣውን እንደ የመኖች ለሁለት ሰንጥቄ፣ በርበሬ ቀብቼ ስጠብስላት ትልቁን ቁራጭ ለእኔ የምትተውበት ቀን ነበር። ለዚህ ነው ነገሩ እስካሁን ያልወጣልኝ።

ብሌንን ድሬዳዋ ለታላቅ እህቴ ለአዜብ ትቼ ስመጣ ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ጡት አስጥዬ ነው የመጣሁት። የማዳም ቤት ኢንተርኔት ስላለው፣ ጓደኛዬ ስትይዘው የከረመ ስልክ ገዝቼ፣ በየሳምንቱ አርብ፣ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ፣ ጣሪያው ላይ ካለችው ክፍሌ ሆኜ ልጄን አያት ነበር። አዜብ ኢንተርኔት ካፌ ይዛት ትሄዳለች። ብሌን አፏን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ትስመኛለች፤ ባለ ካፌው ስክሪኑን በጨርቅ እየወለወለ ይነጫነጫል። «እማዬ» ትለኛለች። ይህንን ያዙልኝ፤ ያኔ «እማዬ» ነበር የምትለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከተነጋገርን በኋላ እንደ ሰው አልሆንም ነበር። አርብ ማታ ሩዙ ያርርብኛል፣ ሻዩ ላይ ስኳር እረሳለሁ። ማዳም ይህን ሁሉ ታያለች።

አንድ ሐሙስ ቀን የማዳም የእህት ልጅ ሰርግ ደረሰና ሂና ቀቢዋ መጥታ እጇንም እግሯንም እስከ ክርኗ፣ እስከ ጉልበቷ አስጌጠቻት። ሂና እስኪደርቅ ድረስ ሰው ምንም አይነካም። አፍንጫዋን ሲበላት እንኳ እኔ ነኝ ያከክሁላት። እንዲህ ሆና ሳለ ኢልያስ ደወለ። ስልኩን ትራሱ ላይ አስደገፍኩላት።

«ጎረቤት መስመራችንን እየሰረቀ ነው» አለችኝ። «ኢልያስ እንዴት እንደሚዘጋ ይነግረናል። አንቺ እጅ ሁኚኝ። ነገ አርብ ነው፣ ዛሬ ማለቅ አለበት።»

ዛሬ ማለቅ ለምን እንዳለበት አልጠየቅሁም። ኢልያስ በፈረንሳይኛ ይናገራል፣ እሷ ቀለል አድርጋ ትደግምልኛለች፣ እኔ እሠራለሁ። የዋይፋዩን ሳጥን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ አድራሻው፣ ስሙ፣ ፓስወርዱ እዚያው ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መቶ ዘጠና ሁለት፣ አንድ መቶ ስድሳ ስምንት፣ አንድ፣ አንድ እያልኩ በየመሐሉ ነጥብ እያደረግሁ ጻፍኩ። ገጹ ተከፈተ። «አድሚን» ብዬ ፓስወርዱን ከወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ። የስልኮቹ ዝርዝር መጣ፤ ስም የለውም፣ የቁጥርና የፊደል ድርድር ነው።

«መጨረሻው ሰባት ሴ የሚለው ነው» አለች ማዳም፤ ሲ የሚባለውን ፊደል ፈረንሳዮች ሴ ይሉታል። «እሱን ምረጪና ‹ብሎኬ›፣ ዝጋ የሚለውን፣ ተጫኚ።»

ተጫንኩ። ሌባ የያዝኩ መስሎኝ ደስ እያለኝ ነው የተጫንኩት። «ብራቮ» አለችኝ። ያቺን ብራቮ እስከ መቃብሬ አልረሳትም።

በማግስቱ ስልኬ ኢንተርኔት እምቢ አለ። አጥፍቼ አበራሁት። መስመሩን ሰርዤ እንደገና አስገባሁት። ጣሪያው ላይ ወዲያና ወዲህ እያልኩ ወደ ሰማይ አነሳሁት፤ እንደዚያ ያደረገ ሁሉ ያውቀዋል። ማዳምን «ስልኬ ተበላሸ መሰለኝ» ስላት «አሮጌ ነው እኮ፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለችኝ፤ ዓይኗን ሳትሰብር። አራት አርብ እንዲህ አለፈ። ካርድ ሞልቼ በተራ ጥሪ ስደውል ብሌን ድምፄን ትሰማና «የት አለች?» ትላለች፤ መልክ ለለመደ ሕፃን ድምፅ ብቻውን ሰው አይሆንለትም። አዜብ ግን አርብ አርብ ካፌ ትወስዳታለች፤ ምናልባት ዛሬ ይሠራ ይሆናል እያለች። ባዶ ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጠው ይመለሳሉ። በአራተኛው ብሌን አልሄድም ብላ አለቀሰች።

በአምስተኛው አርብ ፈቃድ ለምኜ ካርቲየ ሁለት ወረድኩ። ካምሲኑ ገብቶ ነበር፤ ነፋሱ አሸዋውን ፊት ላይ ይዘራዋል፣ ፍየሎቹ እንኳ ግድግዳ ሥር ተጣብቀዋል። ስልክ ጠጋኙ ሙክታር የድሬ ልጅ ነው፤ አማርኛው የሰፈሬ አማርኛ ነው። ስልኬን ከራሱ መስመር ጋር አገናኘው፤ ወዲያው ሠራ።

«እህቴ፣ ስልክሽ ምንም አልሆነም» አለኝ። «ቤት ውስጥ ሰው ዘግቶብሽ ነው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እያንዳንዱ ስልክ ቁጥር አለው። ያንቺ ይኸውና።» ስልኬን ወደ እኔ አዞረው። መጨረሻው ሰባት ሴ ይላል።

ያቺን ጣቴን አየኋት። ቀኝ እጄ፣ ሁለተኛዋ። ሙክታር ምን ሆንሽ ይለኛል። እዚያው ከሱቁ አዜብ ጋ ደወልኩ። ካፌ ነበሩ። ፊቴ ሲመጣላት ብሌን አዜብ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ከዚያ ቀና ብላ እህቴን «እማዬ፣ ይቺ ማናት?» አለቻት።

ደሜ ፈላ። አላለቀስኩም፤ ልቅሶው የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። በእግሬ ሄሮን እስክመለስ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ መንገዱን ራሷ አሳይታኛለች፣ ደረጃ በደረጃ፣ ብራቮ እያለች።

አልቸኮልኩም። የሚቀጥለው አርብ ኢልያስ የሚመረቅበት ቀን ነበር። ሥነ ሥርዓቱ በኢንተርኔት ይታያል፤ ማዳም ጓደኞቿን ጠርታ፣ ትልቁን ቴሌቪዥን አዘጋጅታ፣ ሳምቡሳ ሁለት ቀን አስጠቅልላኛለች። ልጇን በአካል ካየችው ሁለት ዓመት አልፏል። ሐሙስ ከምሳ በኋላ እሷ ስታሸልብ ኮምፒውተሩን እንደምወለውል ሆኜ ተቀመጥኩ። አድራሻ፣ አድሚን፣ ፓስወርድ። መጀመሪያ ሰባት ሴን ፈታሁ። ደግ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይነሳ ነበር። እኔ ግን የእሷን ስልክ፣ ታብሌቱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የተቀመጥኩበትንም ኮምፒውተር አንድ በአንድ ዘጋሁ። «ብሎኬ»ን በተጫንኩ ቁጥር «ብራቮ» እላለሁ ለራሴ። ከዚያ የአድሚኑን ፓስወርድ ቀየርኩት። በመጨረሻ ሳጥኑን ገልብጬ ሆዱ ላይ ያለውን ወረቀት በበረኪና ፈትጌ ፈትጌ ነጭ አደረግሁት።

አርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሴቶቹ ሽቷቸውን እያስቀደሙ ገቡ። ቴሌቪዥኑ ባዶ። ማዳም በተራ ጥሪ ኢልያስን አገኘችው፤ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«ሳጥኑን አጥፍተሽ አብሪው።» አጠፋሁ፣ አበራሁ። «ገጹን ክፈቺ።» ተከፈተ፤ የሳጥኑ የራሱ ገጽ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል። «ፓስወርዱን ጻፊ።» ማዳም ራሷ ጻፈችው፤ ስህተት ነው አለ። ደገመች፤ ስህተት ነው አለ። «ገልብጠሽ ወረቀቱን አንብቢው።»

ማዳም ጉልበቷ አይታጠፍላትም፤ እኔ ተንበርክኬ ገለበጥኩት። «ምንም አልተጻፈበትም።»

«ምን አደረግሽው?»

«አጸዳሁት ማዳም። እስኪያበራ አጽጂ ብለሽኝ የለ።»

«ግድ የለም» አለ ኢልያስ፣ ድምፁ እየቸኮለ። «ከኋላው ትንሽ ቀዳዳ አለች። በመርፌ አሥር እስክትቆጥሪ ተጫኚያት፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይሆናል።»

መርፌ ከራሴ ኪስ አወጣሁ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ፣ የመርፌዋን ጫፍ ከቀዳዳዋ አጠገብ ፕላስቲኩ ላይ ተክዬ፣ በፈረንሳይኛ ጮክ ብዬ ከአንድ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ምንም አልሆነም። እንደገና አሉኝ፤ እንደገና ቆጠርኩ። «በቃ ተበላሽቷል» አለ ልጁ፤ «እማማ፣ እየጠሩን ነው፣ ልግባ» ብሎ ዘጋ። ለኩባንያው ሲደውሉ ደግሞ ውሉ በባልየው ስም ስለሆነ እሱ ካልመጣ ሰው አንልክም አሏቸው።

ሴቶቹ ሳምቡሳውን በሉ። ማዳም «ምን ዓይነት ልብስ እንደለበሰ እንኳ አላውቅም» ብላ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቶ አዘንኩላት ብል ውሸት ነው፤ ያኔ አላዘንኩም።

እንግዶቹ ሄደው አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኬ ኩሽና ውስጥ ጠራ። ብሌን ነበረች። እንደ መጀመሪያው አልሆነችም፣ ግን አዜብ ኮርኩራት ነው መሰለኝ ሳቀች። ሳቋን ተከትላ ማዳም በሩ ላይ ቆመች።

«ያንቺ እንዴት ሠራ?»

«መጨረሻው ሰባት ሴ የሆነው የእኔ ነው፣ ማዳም። እንዴት እንደሚዘጋ አስተምረሽኛል።»

ከእጇ ሂናው እንደለቀቀ ሁሉ ከፊቷም ደሙ የለቀቀ መሰለኝ። አልካደችም። «አርብ አርብ ታዝኛለሽ፤ ብታርፊ ብዬ ነው» አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «አሁን ክፈቺልኝ። ምናልባት አላለቀም ይሆናል።»

«ራስሽ ክፈቺው። ፓስወርዱ የልጄ ስም ነው።»

ቤቷ ከገባሁ ዓመት ከአራት ወሬ ነው። ልብሷን አጥቤላታለሁ፣ አፍንጫዋን አክኬላታለሁ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ስም እየፈለገች ነበር፤ የለም።

«ልጅ አለሽ እንዴ?» አለችኝ።

ስልኩን አዙሬ የብሌንን ፊት አሳየኋት። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ ከልጄ ጋር ንግግሬን እስክጨርስ አስጠበቅኋት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ስሙን ስነግራት ሂናው ጥፍሩ ላይ ብቻ በቀረ ጣቷ ፊደል በፊደል ጻፈችው፤ ተከፈተ። ሥነ ሥርዓቱ ግን አልቆ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልብሴን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። የሙክታር ሚስት ተቀበለችኝ፤ ስፌት ያስተማረችኝም እሷ ናት።

ኢልያስ ምን አጠፋ የምለው አንዳንዴ ነው። ማዳም የእጇን አገኘች። የእኔ ግን አልተመለሰልኝም። ብሌን በአሥራ አንድ ዓመቷ ስትመጣልኝ አዜብን «እማዬ» ብላ ተሰናብታ፣ እኔን «ሰናይት» ብላ ሰላም አለችኝ።

«ጨረስሽ?» አለችኝ ብሌን፤ አሁንም ስልኳን ይዛ ቆማለች።

«የለምለም ልጅ ስሙ ማነው?»

«ለምለም ልጅ አላት እንዴ?»

በገዛ ልጄ አፍ፣ ቃል በቃል። ስልኬን አነሳሁ፣ ገጹን ከፈትኩ፣ ፓስወርዱን ቀየርኩት።

«አዲሱ ፓስወርድ የለምለም ልጅ ስም ነው» አልኳት። «ሂጂና ጠይቂያት። ከዚያ ልብሽ ከፈቀደ ዝጊባት።»

ገባች። የለምለም መኪና ቆመ። ለምለም መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እየሳቀች ብዙ ነገር ስትነግራት ይሰማኛል። ብሌን ስትወጣ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነበር።

«ናትናኤል ይባላል» አለች። «ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው። ዛሬ ያሳዩኛል ብላ ነው ከጠዋት ጀምሮ ስልኳን የምታየው።» አጠገቤ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ክር ስትጠመጥም ስትፈታ ቆየችና «እኔ ስንት ዓመቴ ነበር፣ ስትሄጂ?» አለችኝ።

«ዓመት ከስምንት ወር።»

ሰው ሁሉ ይቅር በያት ይለኛል፤ ማዳም አርጅታለች፣ ባሏ ሞቷል ይለኛል። ብሌን «እማዬ» ብላ የጠራችኝ ቀን አስብበታለሁ። ባለፈው አርብ እዚያ በርጩማ ላይ ብዙ ተቀመጠች፣ ከዚያ ተነሳችና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «ሰናይት» አለችኝ፣ «ሻይ ላፍላልሽ?»