ዝቃጭ፣ ሒሳብና የእትዬ የሻረግ ሳሙና

ትናንት የድሮ ካርቶን ስጎረጉር የማስተርስ ጽሑፌን አገኘሁት... የምስጋናው ገጽ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጊዜው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ዘመን ነው። ቡሬ ላይ እትዬ የሻረግ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ጥናቴ የፍሳሽ ዝቃጭ ከውሃው ተለይቶ በምን ፍጥነት ወደ ታች እንደሚወርድ በሒሳብ መተንበይ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የፍሳሽ ገንዳ በጄሪካን አመጣለሁ፣ ረጅም የመስታወት መለኪያ ውስጥ እሞላለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በየአምስት ደቂቃው ዝቃጩ የቱ ጋ እንደደረሰ እጽፋለሁ... በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ቀን እትዬ የሻረግ በር ላይ ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ ለዚች ነው መንግሥት ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማረህ?»

«አዎ እትዬ።»

«አተላው ለከብት ይሆናል?»

«ኧረ አይሆንም።»

«እኮ» ብለውኝ ሄዱ።

ችግሩ፣ ሒሳቤ ከልኬቱ ጋር አልስማማ አለ። ዝቃጩ ጠዋት ልክ እንደ ቀመሩ በዝግታ ሲወርድ ይቆይና፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ዘጭ ብሎ አገኘዋለሁ። በማግስቱም እንደዚያው። አማካሪዬ ደግሞ «ዓርብ ባሕር ዳር መጥተህ ካላቀረብክ ዘንድሮ አትመረቅም» ብለውኛል። ጨነቀኝ። ሲጨንቀኝ ቀመሩ ውስጥ አንድ አዲስ ቁጥር ጨመርኩ... ሁሉም ነገር ልክ መጣ። ግኝት ነው ብዬ አመንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ቁጥሩን በራሴ ስም ሁሉ ሰይሜው ነበር።

ሐሙስ ለምሳ ወጥቼ ሞባይሌን ረስቼ ተመለስኩ። እትዬ የሻረግ ክፍሌ ውስጥ ናቸው። መለኪያዬን ግድግዳው ላይ ጋደል አድርገው አስደግፈው፣ ከሥሩ የሳሙና ቁራጭ ይወሽቃሉ።

«እትዬ... ምን እያደረጉ ነው?»

ምንም አልደነገጡም።

«አፍጥጠህበት ስትውል አንጀቴን በላኸኝ። እኔ ጠላው ሲዘገይብኝ እንስራውን ጋደል ነው የማደርገው፤ አተላው ቶሎ ይወርዳል። ስትወጣ አጋድልልሃለሁ፣ ስትመጣ አቆምልሃለሁ። ይሰበራል ብለህ እንዳትሰጋ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«በየቀኑ?»

«ማክሰኞ ብቻ ቀረሁ። አንድ ለአምስት ስብሰባ ነበረብኝ።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ማክሰኞ ዝቃጩ ከጠዋት እስከ ማታ ቀመሩን ተከትሎ ወርዷል። እኔ ግን ከሌሎቹ ቀናት ስለተለየብኝ ያንን ገጽ «የተበላሸ» ብዬ በቀይ ሰርዤዋለሁ።

ያን ቀን ምሳዬን ትቼ፣ መለኪያውን አቁሜ ልኬቱን እንደ አዲስ ጀመርኩና አጠገቡ ዋልኩ። በእጄ ያለው ትክክለኛ ልኬት የማክሰኞውና የዚያ ቀን ብቻ ነው፤ እነሱን ይዤ ባሕር ዳር ወረድኩ። አማካሪዬ ታሪኩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ «ሴትዮዋ እኮ ልክ ናቸው፤ ትልልቅ የማጣሪያ ገንዳዎች ውስጥ ዘንበል ያሉ ሰሌዳዎች የሚገጠሙት ለዚሁ ነው» አሉኝ። አለፍኩ።

ቡሬ ተመልሼ ይህንኑ ለእትዬ የሻረግ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና...

«እነሱም ጠላ ይጠምቃሉ?» አሉኝ።

የምስጋናው ገጽ ላይ ስማቸው ከአማካሪዬም ቀድሞ ተጽፏል። በእኔ ስም ሊጠራ የነበረው ያ ታላቅ ቁጥር ግን... የአንዲት የሳሙና ቁራጭ ውፍረት ነበር።